የካምፐሩ ሶኬት 120 ነው

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ያገለገለ ባለ 30 አምፒር ካምፐር (ተንቀሳቃሽ ቤት) ገዝቼ ከቤቴ ጎን አቁሜዋለሁ። ለልጄ ምረቃ ዘመድ ይመጣል፣ ቤቱ አይበቃንም። በረንዳው ላይ ካለው ተራ ሶኬት በኤክስቴንሽን ስሰካው ኤሲው ገና ሲነሳ ብሬከሩ ይጥላል። የባለቤቴ ወንድም አዲስ አበባ የኤሌክትሪክ ሥራ ሠርቷል። «እንደ ልብስ ማድረቂያው ባለ ሁለት ፌዝ ብሬከር እናስገባለት፣ በአንድ ቅዳሜ እንጨርሰዋለን» ይለኛል። ብሬከሩንም ገዝቶ መጥቷል። ከፓኔሉ እስከ ካምፐሩ 90 ጫማ ያህል ነው። ስንት ቁጥር ሽቦ ልግዛ?
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ወደ ሽቦው እንመጣለን። መጀመሪያ ያንን ብሬከር ወደ ሱቁ መልሰው።

ባለ 30 አምፒር ካምፐር የሚፈልገው 120 ቮልት ነው። ባለ ሁለት ፌዙ ብሬከር የሚሰጠው 240 አይደለም። አማችህ ሙያ ጎድሎት አይደለም። አዲስ አበባ የግድግዳው ሶኬት ሁሉ 220 ስለሆነ ነገሩ ባይከነክነው አይፈረድበትም። እዚሁ ያደጉ፣ ፈቃድ ያላቸው ኤሌክትሪሺያኖችም በዚሁ ይሳሳታሉ። «30 አምፒር» ሲባሉ እጃቸው በቀጥታ ወደ ማድረቂያው ሶኬት ይሄዳል። ከዚያ ካምፐሩ ሲሰካ ማይክሮዌቩ፣ ቴሌቪዥኑና ባትሪ የሚሞላው ኮንቨርተር አብረው ሊሄዱ ይችላሉ። ብሬከሩም አያድንህም። እሱ አምፒር እንጂ ቮልት አይቆጥርም።

ሱቅ ስትገባ «ቲቲ-30» በል። ሁለት ዘንበል ያሉ ቀዳዳዎችና አንድ ክብ የግራውንድ ቀዳዳ ያለው ሶኬት ነው። ብሬከሩ ነጠላ፣ ባለ 30። ሽቦው ሦስት፦ ጥቁሩ ወርቅማው ብሎን ላይ፣ ነጩ ብርማው ላይ፣ ግራውንዱ አረንጓዴው ላይ። በቃ። ካምፐርህ ባለ 50 ቢሆን ኖሮ አራት ሽቦ፣ ባለ ሁለት ፌዝ ብሬከርና ቁጥር 6 መዳብ ነበር የምልህ። ያኔ አማችህ ልክ ነው።

አሁን ሽቦው። ለ30 አምፒር ቁጥር 10 መዳብ ይፈቀዳል። በ90 ጫማ ግን እኔ ቁጥር 8 ነው የምጎትተው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል። ሙሉ 30 አምፒር ሲሳብ በቁጥር 10 ላይ 5 ቮልት ተኩል ገደማ መንገድ ላይ ይቀራል፤ በቁጥር 8 ወደ 3 ቮልት ተኩል ይወርዳል። የኤሲ ኮምፕረሰር የቮልት ማነስ አይወድም፣ ይሞቃል፣ ዕድሜው ያጥራል። ሽቦው ቢወፍርም ብሬከሩ 30 ነው፤ ወደ 40 እንዳታሳድገው። ሶኬቱ ቁጥር 8 መቀበሉንም ከመግዛትህ በፊት እይ።

ከመቆፈርህ በፊት 811 ደውል። ነፃ ነው፤ መጥተው የጋዙንና የመብራቱን መስመር በቀለም ያሰምሩልሃል። ለመቅበር የተሠራው ዩኤፍ ሽቦ እንዲሁ ከተቀበረ 24 ኢንች፣ በፒቪሲ ቱቦ ከሄደ 18 ኢንች ጥልቀት ይፈልጋል። ፐርሚትም አለ። አንዳንዱ ካውንቲ ባለቤቱ ራሱ እንዲሠራ ይፈቅዳል፣ አንዳንዱ አይፈቅድም። ስለዚህ ያንተን ጠይቅ። ኤችኦኤ (የቤት ባለቤቶች ማኅበር) ያለበት ሰፈር ከሆንክ ደግሞ ካምፐሩን ማቆም መፈቀዱን አስቀድመህ አረጋግጥ። እነሱ ከኢንስፔክተሩ ይብሳሉ።

ከ2020 ወዲህ ያሉት የኤሌክትሪክ ደንቦች ከቤት ውጭ ለሚሆን እንዲህ ያለ ሶኬት ጂኤፍሲአይ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲያፈተልክ መስመሩን የሚቆርጥ መከላከያ፣ ይጠይቃሉ። ባለ 30 ጂኤፍሲአይ ብሬከር ይሸጣል። ካምፐሩን ስትሰካ ወዲያው ከጣለ በብሬከሩ አትፍረድ። ያገለገለ ካምፐር ውስጥ ኒውትራሉ (ነጩ ሽቦ) እና ግራውንዱ የተነካኩበት ቦታ ሊኖር ይችላል። ሁለቱ የሚገናኙት ቤትህ ዋናው ፓኔል ላይ ብቻ ነው፤ ካምፐሩ ውስጥ መለያየት አለባቸው።

ካምፐሩ ከመሰካቱ በፊት አማችህ ቴስተሩን ያምጣ። ጥቁርና ነጭ 120 አካባቢ፣ ጥቁርና ግራውንድ 120 አካባቢ፣ ነጭና ግራውንድ ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ። 240 የሚል ቁጥር ካያችሁ ብሬከሩን አውርዱና ከፓኔሉ ጀምራችሁ እዩት።

የዋናውን ፓኔል ክዳን ከፍተህ የማታውቅ ከሆነ ቁፋሮውንና ቱቦውን ራሳችሁ ጨርሱ፣ ማገናኘቱን ለባለፈቃድ ስጡ። ዋናው ብሬከር ቢወርድም ከመንገድ የሚገቡት ወፍራም ሽቦዎች እሳት ናቸው፣ አይጠፉም።

እስከዚያው ከ30 ወደ 15 የሚቀንሰውን አዳፕተር ተጠቀም። መብራት፣ ፍሪጅና ባትሪ መሙያ ይበቃዋል። ኤሲውን ግን ተወው፤ የበረንዳው መስመር ለብቻው አይደለም፣ ሌላም ዕቃ ይስብበታል። ኤክስቴንሽኑን አሁኑኑ በእጅህ ዳስሰው። መሰኪያው ጋ ከሞቀህ ቀጭን ነውና ንቀለው፣ ወፍራም ግዛ።