ጀልባችን ተገጭታ ዘገየን፤ ዓሣችንን አንመዝንም አሉን

ጥያቄ፦ በሰው ሠራሽ ዝንብ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ክለብ አባል ነኝ። በግድብ ሐይቅ ላይ በተደረገው የትራውት ውድድር፣ በዕጣ ከደረሰኝ ሰው ጋር በአንድ ጀልባ ወጣን። ሊያበቃ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ሌላ ጀልባ ሞተሩን እንዳስነሳ ከኋላችን ተጠግቶ ሲያልፍ፣ ነፋስ ቶሎ እንዳይነዳን ውኃ ውስጥ የጣልነው ሸራ ገመዱ ሞተሩ ላይ ተጠመጠመ። ጀልባዎቹ ተጋጩ፤ የማጥመጃ ዘንጌም ለሁለት ተሰበረ። ገመዱን ቆርጠን እስክንላቀቅ ጊዜው ሄደና መመዘኛው ጋ የደረስነው 6 ደቂቃ ዘግይተን ነው። ሳይሰሙን ከውድድሩ ሰረዙን። ከወሰኑት ሦስት የኮሚቴ አባላት አንዱ ያንን ጀልባ ሲነዳ የነበረው ሰው ነው። ስመዘገብ «ክለቡ ለማንኛውም ጉዳት ተጠያቂ አይደለም» የሚል ወረቀት ፈርሜያለሁ። ልከስ እችላለሁ?

መልስ፦ 6ቷን ደቂቃ ለጊዜው ይተዋት። ደንቡ «ሰዓቱ ያለፈበት አይመዘንም» የሚል ከሆነ፣ ፍርድ ቤት መመዘኛው ጋ ቆሞ ሰዓት አይቆጥርልዎትም። ዳኞች እንዲህ ያለውን ነገር ስፖርቱን ለሚያውቁት መተው ይመርጣሉ፤ እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር። ውኃ የሚያነሳ ክርክር ያለዎት በማን እና እንዴት ተወሰነ በሚለው ላይ ነው።

ገጪው ሰው ግጭቱን ሊዳኝ ተቀምጧል። እርስዎ ደግሞ አልተጠየቁም። የክለብ ደንብ በአባላቱ መካከል ውል ነውና፣ ኮሚቴው ሥልጣኑን በአግባቡ ካልተጠቀመበት ውሳኔው ሊፈርስ ይችላል። ክለቡ በየትኛው አገር እንዳለ አልገለጹልኝም፤ ስለዚህ የምጠቅሳቸው የእንግሊዝ ፍርዶች የእርስዎን ዳኛ ላያስገድዱ ይችላሉ፤ ሐሳባቸው ግን በብዙ አገር ይሠራል። ሎርድ ቻንስለር (የአገሪቱ ትልቅ ዳኛ) የነበሩት ሎርድ ኮተንሃም ለአንድ የካናል ኩባንያ ከፈረዱ በኋላ በዚያው ኩባንያ ውስጥ አክሲዮን እንዳላቸው ታወቀ። ጥቅሙ ፍርዳቸውን አዛብቶታል ብሎ የጠረጠራቸው የለም። ፍርዱ ግን በ1852 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ተሻረ። የእርስዎም ሰው የቱንም ያህል ቅን ቢሆን ከወንበሩ መነሳት ነበረበት።

ወደ ዘንጉ ልምጣ፤ እውነቱን ለመናገር ደብዳቤዎን ሳነብ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ የሳታኒታ ጉዳይ ነው። በ1894 በስኮትላንድ፣ ክላይድ ላይ በተደረገ የሸራ ጀልባ ውድድር ሳታኒታ የተባለችው ቫልኪሪን ገጭታ አሰጠመቻት። የሳታኒታ ባለቤት ሕጉ ኃላፊነቴን በጀልባዬ ቶን ልክ፣ ለእያንዳንዱ ቶን በ8 ፓውንድ ወስኖልኛል ብሎ ተከራከረ። የውድድሩ ደንብ ግን ደንብ ጥሶ ጉዳት ያደረሰ ጉዳቱን በሙሉ ይከፍላል ይላል። ተወዳዳሪዎቹ እርስ በርስ አልተፈራረሙም፤ ሁሉም ደንቡን የተቀበሉት ከክለቡ ጋር በመጻጻፍ ነው። ነገሩ በወቅቱ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ እስከነበረው እስከ ጌቶች ምክር ቤት ሄደና በ1897 ደንቡ ተወዳዳሪዎቹንም እርስ በርሳቸው ያስራል ተባለ። ስለዚህ የክለብዎን ደንብ አውጥተው፣ በነፋስ እየተንሳፈፈ ለሚያጠምድ ጀልባ ምን ያህል ርቀት መተው እንዳለበትና ስለ ካሳ ምን እንደሚል ያንብቡ። ስለ ካሳ ምንም ባይል እንኳ በቸልተኝነት የሰው ዕቃ የሰበረ መክፈሉ አይቀርም። የሚከፈልዎት ግን ሲሰበር በነበረው ዋጋ እንጂ አዲስ በተገዛበት ላይሆን ይችላል።

የፈረሙት ወረቀት ያን ያህል አያስፈራኝም። «ክለቡ» ነው የሚለው። ሌላኛውን ጀልባ የነዳውን ሰው በስም አልጠቀሰም፤ እንዲህ ያለ ቃል ደግሞ ዳኞች ጠበብ አድርገው ነው የሚያነቡት። በእንግሊዝ ከ1977 ወዲህ ማንም በሥራው ወይም በድርጅቱ ቸልተኝነት ለሚደርስ ሞትና የአካል ጉዳት በወረቀት ማምለጥ አይችልም፤ ለዕቃ ጉዳት የተጻፈው ደግሞ ምክንያታዊ ሆኖ ካልተገኘ አይጸናም።

ሽልማቱስ? ዓሣዎቹ ስላልተመዘኑ ያሸንፉ ነበር ለማለት አይቻልም። ይህ ግን በሩን አይዘጋም። በ1911 የተፈረደ አንድ ጉዳይ ላይ፣ ለተዋናይነት ውድድር 50 ውስጥ የገባች ሴት አዘጋጁ በወቅቱ ስላልጠራት ከ12ቱ ሽልማት ለአንዱም ሳትወዳደር ቀረች። ለጠፋው ዕድሏ ብቻ 100 ፓውንድ ተፈረደላት። ለእርስዎ ችግሩ ማስረጃው ነው፤ ዓሣዎቹን ጠብሳችሁ በልታችኋቸዋል ብዬ እገምታለሁ። ጀልባው ውስጥ እያላችሁ ያነሳችሁት፣ ሰዓቱ የተመዘገበበት ፎቶ ካለ ያስቀምጡት። ከሌላችሁ ይህን ጥያቄ እንዲተዉት እመክራለሁ፤ ደካማው ጥያቄ ጠንካራውን ይዞት ይወድቃል።

ከክስ በፊት ለክለቡ ይጻፉ። የይግባኝ ቀነ ገደብ ካለ እንዳያልፍብዎት። የስብሰባውን ቃለ ጉባኤ ይጠይቁ፤ ጉዳዩ በአደጋው ውስጥ ባልነበሩ ሰዎች እንደገና እንዲታይ ያመልክቱ። የጀልባ ባልደረባዎ ቃሉን ትዝታው ሳይደበዝዝ ጽፎ ይፈርም፤ ወዳጅዎ ሳይሆን በዕጣ የደረሰዎ ሰው መሆኑ ምስክርነቱን ያከብደዋል። የተቆረጠውን ገመድ አይጣሉት። ዘንጉንም ፎቶ ሳያነሱትና የጥገና ባለሙያ ዋጋውን በጽሑፍ ሳይሰጥዎት እንዳያስጠግኑት።