የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ዝቋላን በመጋቢት ፀሐይ

ጥያቄ፦ ለመጋቢት 5 ዝቋላ አቦን በእግራችን ልንወጣ አስበናል። ጾም ላይ ነን፣ ፀሐዩም ያቃጥላል። እስከ 9 ሰዓት ውኃ ሳንቀምስ እንችለዋለን? ስንት ሊትርስ እንያዝ? (ከገርጂ)

መልስ፦ መጋቢት 5 ምንጊዜም ዐቢይ ጾም ውስጥ ስለሚውል ጥያቄው የብዙ ተሳላሚ ነው። ዳገቱን ጤነኛ ሰው ይችለዋል፤ የሚጥለው በቀትር መውረዱ ነው። ተራራው 2,989 ሜትር ስለሆነ አናቱ ላይ ነፋሱ ቀዝቀዝ ይላል፣ ላብ ቶሎ ይደርቃል፣ የጠማችሁም አይመስላችሁም። ፀሐዩ ግን እዚያ ላይ ይብሳል።

ስለዚህ ከሌሊቱ 11 ሰዓት መውጣት ጀምሩ። በሰዓት 300 ሜትር ከፍታ መጨመር ደኅና ርምጃ ነው፤ እያወሩ መሄድ ካቃታችሁ ፈጥናችኋል። ተሳልማችሁ ጥላ ሥር አርፋችሁ ቆዩ፤ 9 ሰዓት ላይ ጾሙን ፈትታችሁ ውረዱ። ከ9 ተኩል ግን አትለፉ፣ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ይጨልማል።

ውኃ ለአንድ ሰው 3 ሊትር ያዙ። የአናቱ ሐይቅ ጸበል እንጂ የመንገድ ውኃ አይደለም። ዋዜማውን ማታ አንድ ሊትር ተኩል ያህል ቀስ እያላችሁ ጠጡ፤ በአንዴ ከተጋቱት በሽንት ይወጣል። ጠላው ለሌላ ቀን ይቆይ። ጾሙን ስትፈቱ ቆሎ አታስቀድሙ፣ ደረቅ አፍ ላይ አይወርድም። በአንድ ሊትር ውኃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያውን ሳትቆልሉ ልክክ አድርጋችሁ ለክታችሁ በጥብጡ። ከእንባ ይበልጥ ጨው ጨው ካለ ድፉት። በሶው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ራሱን ያዞረውን ጥላ ውስጥ አስተኙት፣ እግሩን ከፍ አድርጉ፣ ነጠላውን አርሳችሁ አንገቱና ብብቱ ላይ ጣሉለት፣ አራግቡለት፣ ውኃ በጥቂት በጥቂቱ ስጡት። ጾሙን መፍታቱን ከንስሐ አባታችሁ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት፤ ዳገት መሐል የሚከራከሩበት አይደለም። ንግግሩ ከተዘባረቀ ግን በአፉ ምንም አትስጡት፤ ውኃ እያፈሰሳችሁበት በፍጥነት ወደ ሆስፒታል።

የመንገዱን ጸጥታ ቢሾፍቱ ላይ ሳትጠይቁ አትውጡ፤ ብቻን መሄድም አይመከርም።

ጥያቄ፦ ቁልቁለት ስወርድ የአውራ ጣቴ ጥፍር ይጠቁራል። ጫማዬ ጠቦኝ ይሆን? (ከአዳማ)

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ሰፍቶ ነው። እግርዎ ውስጡ እየተንሸራተተ ጣትዎ ከጫማው አፍንጫ ጋር ይጋጫል። ከሁለት ቀን በፊት ጥፍርዎን ቀጥ አድርገው ይቁረጡ። መውረድ ሲጀምሩ ተረከዝዎን ወደ ኋላ ገፍተው ማሰሪያውን ቁርጭምጭሚት ላይ ጠበቅ ያድርጉ።

ጥያቄ፦ እናቴ የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። በእግሯ ካልወጣሁ ብላለች። (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ከመድኃኒቶቿ አንዱ ሽንት የሚያበዛ ከሆነ በሙቀት ውኃ ቶሎ ያልቅባታል፤ ብድግ ስትል ልትወድቅ ትችላለች። ሐኪሟን ሳትጠይቁ አትነሱ፣ መድኃኒቱንም በራሳችሁ አታቋርጡ። እስከ ላይ የሚወጣ የመኪና መንገድ አለ።