ነፋስን ከመክሰስዎ በፊት፦ የሞዴል አውሮፕላን ጥያቄና መልስ

ከአንባቢዎች የደረሱኝን ጥያቄዎች ሳገላብጥ አብዛኞቹ የወደቀ አውሮፕላን ታሪክ ሆነው አገኘኋቸው። ተከሳሹ ደግሞ ሁልጊዜ ነፋስ ነው። ጠበቃ የሌለው ተከሳሽ ስለሆነ ዛሬ ትንሽ ልከራከርለት።

ጥያቄ፦ አዲስ የገጣጠምኩት አውሮፕላን ከእጄ እንደወጣ አፍንጫውን ሰቅሎ ሽቅብ ወጣ፤ ወዲያው ተገልብጦ ተከሰከሰ። ባትሪው ፊት ለፊት ባለው ቦታ አልገባ ስላለኝ ከክንፉ በስተኋላ ነበር ያስቀመጥኩት። ነፋሱ በርትቶ ነበር። ጠንከር ያለ ሞተር ልግጠምለት?

መልስ፦ ሞተሩንም ነፋሱንም ይተዉአቸው፤ መልሱን በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ራስዎ ጽፈውታል። ባትሪው ወደ ኋላ ሲሄድ የስበት ማዕከሉም (አውሮፕላኑ ሚዛኑን የሚጠብቅበት ነጥብ) አብሮት ወደ ጭራው ሸሸ። እንዲህ የሆነ አውሮፕላን ለትንሽ ትእዛዝ ከመጠን ያለፈ ምላሽ ይሰጣል፤ አፍንጫው አንዴ ቀና ካለ የሚመልሰው ነገር የለም። የተሻለ ሞተር ቢገጥሙለት ከፍ ካለ ቦታ ይወድቃል እንጂ መውደቁ አይቀርም።

ቀጥ ያለ ክንፍ ላለው የተለመደ ሞዴል የስበት ማዕከሉ ከክንፉ የፊት ጠርዝ ተነሥቶ ሲለካ ከክንፉ ስፋት ከ25 እስከ 33 በመቶ ባለው ቦታ ላይ መዋል አለበት። ከፊት ጠርዝ እስከ ኋላ ጠርዝ 20 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ክንፍ ከ5 እስከ 6.6 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ለመጀመሪያው በረራ 5ቱን ይምረጡ። ነጥቡን ከአካሉ ግራና ቀኝ፣ ከክንፉ ሥር በእርሳስ ምልክት ያድርጉበት፤ ባትሪውን በሚበርበት ቦታ ያስሩና አውሮፕላኑን በሁለት ጣቶችዎ ጫፍ ያንሱት። አፍንጫው በትንሹ ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ ዝግጁ ነው። ጭራው ከከበደ መጀመሪያ ባትሪውን ወደፊት ይግፉ፤ ቦታ ከጠበበ ፎሙን በምላጭ ፈልፍለው ያስፉት። ክብደት መጨመር የመጨረሻው አማራጭ ነው። ከማዕከሉ እስከ ጭራው ያለው ርቀት እስከ አፍንጫው ካለው ሁለት እጥፍ ከሆነ፣ ጭራው ላይ የተረፈ 10 ግራም ሙጫ አፍንጫው ላይ 20 ግራም ያስከፍላል።

ጥያቄ፦ አውሮፕላኔ ነፋሱን ከኋላው አድርጎ ሲዞር አንድ ክንፉ ያዘነብልና ይወድቃል። ነፋሱ ከኋላ ስለሚገፋው ነው?

መልስ፦ አውሮፕላን የሚያውቀው በዙሪያው ያለውን አየር ብቻ ነው። በሚሄድ ባቡር ውስጥ ወደፊትም ወደ ኋላም የሚራመድ ሰው እርምጃው እንደማይለወጥ ሁሉ፣ እርሱም በነፋሱ ውስጥ እኩል ይበራል። የሚታለለው መሬት ላይ የቆመው ሰው ነው። በሰከንድ 12 ሜትር የሚበር ሞዴል በሰከንድ 5 ሜትር ነፋስ ላይ ሲገሰግስ ከመሬት ሲታይ ፍጥነቱ 7 ብቻ ነው፤ ሲዞርና ነፋሱ ከኋላ ሲሆን 17 ይሆናል። አብራሪው «ፈጠነ» ብሎ ይደነግጣል፣ የሞተሩን ኃይል ይቀንሳል፣ አፍንጫውን ይስባል። ክንፉ በቂ አየር ያጣና ማንሳቱን ያቆማል፤ ቀድሞ የሚወድቀውም ወደ መዞሪያው ውስጥ ያለው ክንፍ ነው። ስለዚህ በመዞሪያ ላይ ኃይሉን አይንኩት፤ ሰፊ አድርገው ይዙሩ።

ጥያቄ፦ አውሮፕላኑ ወደ እኔ ሲመጣ ግራና ቀኝ ይምታታብኛል።

መልስ፦ የሁሉም ጀማሪ ችግር ነው። «ሲመጣ ግልብጥ» ብሎ በቃል መያዝ ብዙም አይጠቅምም፤ አእምሮ በድንጋጤ ጊዜ ሒሳብ አይሠራም። ከዚያ ይልቅ ወደ እርስዎ ሲመጣ ዝቅ ያለውን ክንፍ ይፈልጉና የመቆጣጠሪያውን ዘንግ በዚያው በኩል፣ ክንፉን ከሥሩ የሚደግፉት ይመስል ይግፉ። ይቃናል። የክንፉን ሥር ከላዩ በጣም በተለየ ጥቁር ወይም ደማቅ ቀለም መቀባትም ያግዛል፤ ሩቅ ሲሆን ነጭ በነጭ የሆነ ሞዴል እየራቀ ነው ወይስ እየመጣ መለየት ያስቸግራል። የኮምፒውተር የበረራ ማስመሰያ ፕሮግራም ካለዎት ይህን አንድ ነገር ብቻ ይለማመዱበት።

ጥያቄ፦ ባለ 2200 ሚሊአምፒር ሰዓት ባትሪ ስንት ደቂቃ ያበራል? አንዱ ባትሪዬ ደግሞ ሆዱ አብጧል፤ ግን እስካሁን ይሠራል።

መልስ፦ ያበጠውን በረራ አያስነኩት። ያበጠው ውስጡ ያለው ፈሳሽ ተበላሽቶ ጋዝ ስለፈጠረ ነው፤ ቻርጅ ሲደረግ ሊቀጣጠል ይችላል። እንዳይበሱት፣ ከሚቀጣጠል ነገር አርቀው በመመሪያው መሠረት ያስወግዱት።

ለደህናው ሒሳቡ ቀላል ነው። ሊፖን (የሞዴል አውሮፕላን ሊቲየም ፖሊመር ባትሪ) ከ80 በመቶ በላይ አንጠቀምበትም፤ ስለዚህ 1760 ይቀረናል። ሞተሩ በአማካይ 15 አምፒር ከሳበ 7 ደቂቃ ገደማ ነው። አማካዩን ካላወቁ የመቆጣጠሪያውን ሰዓት ቆጣሪ 5 ደቂቃ ላይ ሞልተው ይብረሩ፤ ሲያርፉ ቻርጀሩ መልሶ ያስገባውን ሚሊአምፒር ሰዓት ያንብቡ። 1250 ካስገባ የደቂቃው ፍጆታ 250 ነው። ቻርጁን በ2.2 አምፒር ያድርጉት። አንድ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፤ ለሳምንት የማይበሩበት ከሆነ 3.8 ገደማ ላይ ያስቀምጡት። ሙሉ ሆኖ ቁም ሳጥን ውስጥ የሚከርም ባትሪ ነው ቶሎ የሚያረጀው።

ጥያቄ፦ ሰርቮ (የክንፉንና የጭራውን ተንቀሳቃሽ ክፍሎች የሚያዝ ትንሽ ሞተር) ቀይሬ ስነሣ አውሮፕላኑ ቀኝ ሲሉት ግራ ሄደ።

መልስ፦ ከአውሮፕላኑ ኋላ ይቁሙ፤ ዘንጉን ወደ ቀኝ ሲገፉ የቀኙ ክንፍ ኤሌሮን (በክንፉ የኋላ ጠርዝ ያለው ተንቀሳቃሽ ክፍል) ሽቅብ መነሣት፣ የግራው ቁልቁል መውረድ አለበት። ዘንጉን ወደ ራስዎ ሲስቡ የጭራው ኤሌቬተር (አግድም ያለው ተንቀሳቃሽ ክፍል) ሽቅብ ይነሣል። ይህን ከጥገና በኋላ ብቻ ሳይሆን ከእያንዳንዱ በረራ በፊት ያድርጉት፤ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። እግረ መንገድዎን ፕሮፔለሩን አውልቀው መቆጣጠሪያውን ያጥፉና ሞተሩ መቆሙን ይመልከቱ። ካልቆመ የመቀበያው የአደጋ ጊዜ ቅንብር (ከመቆጣጠሪያው የሚመጣው ምልክት ሲቋረጥ ሞተሩን የሚያቆመው) ተሳስቷል፤ ሳያስተካክሉ አይነሡ።

ጥያቄ፦ በሱፐር ግሉ የጠገንኩት ነጭ ፎም ቀልጦ ተቦረቦረ።

መልስ፦ ተራው ሱፐር ግሉ የማሸጊያ ዓይነቱን ፎም ይበላዋል። ለፎም ተብሎ የተሠራውን ወይም የ5 ደቂቃ ኢፖክሲ ይጠቀሙ። ኢፖክሲው ይከብዳል፤ ጭራ አካባቢ ከሆነ ሳይደርቅ ትርፉን በአልኮል በነከሩት ጨርቅ ይጥረጉት።