ልጄ እኔ ጋ አንድ ሌሊት፣ አክስቷ ጋ ሦስት

ደብዳቤው ረጅም ስለሆነ ላሳጥረው። የጻፈችልኝ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የምትኖር እናት ናት። የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች። ልጇ 20 ዓመቷ ነው፤ ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ የኮሌጅ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። በማርች የስፕሪንግ ብሬክ ሲደርስ ልጅቷ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር በአንዷ መኪና ተነሡ። መጀመሪያ እናቷ ቤት፣ ከዚያ ሪችመንድ አንዲት ጓደኛቸው ጋ፣ ከዚያ ሻርሎት፣ መጨረሻ ላይ አትላንታ አክስቷ ጋ። እናት ሁለት ፈረቃ ከባልደረቦቿ ጋር ተቀያይራ፣ ሁዳዴ ነውና ሽሮና ምስር ሠርታ፣ ጎመን ቀቅላ ጠበቀቻቸው። የቀረውን እሷው ትናገር፦

«ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ከ10 ተነሡ። ብሪዝውድ ላይ 25 ደቂቃ ቆሙ። ጌይተርስበርግ ደርሰው፣ እኛ ቤት ለመግባት 20 ደቂቃ ሲቀራቸው፣ 52 ደቂቃ ቆሙ። ሽሮው እየቀዘቀዘ! በር ስከፍት ጌይተርስበርግ ምን ስትሠሩ ነበር አልኳት፣ ትከሻዋን ነቀነቀችልኝ። ማታ ስልኳን ስትነካካ አመሸች። ምን አዲስ ነገር አለ ብላት ‹አንቺ ሁሉን ታውቂው የለ?› አለችኝ፣ ያውም በጓደኞቿ ፊት። በማግስቱ 2 ሰዓት ሳይሞላ ወጡ። አትላንታ እህቴ ጋ ግን ሦስት ሌሊት አደረች። እህቴ ደውላ ‹ልጅሽ ስንት ወሬ አላት! እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ስናወራ› አለችኝ። እህቴ ልጄን እየወሰደችብኝ ነው። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ አንቺ ልበልሽ፣ ዕድሜያችን የሚቀራረብ ይመስለኛል። መከፋትሽ ይገባኛል። የሌሊት ፈረቃ መቀያየር ማለት በኋላ በላይ በላዩ ሠርቶ መክፈል ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ያን ሁሉ ሆነሽ ጠብቀሽ ልጅሽ እንደ ሆቴል እንግዳ አድራ ስትወጣ ያማል።

ግን ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። በሁለተኛው እርሳስ ይዤ ቁጥሮቹን አሰመርኩባቸው። 3 ሰዓት ከ10። 25 ደቂቃ። 52 ደቂቃ። ይሄን ሁሉ ማን ነገረሽ? እሷ እንዳልነገረችሽ ራስሽ ጽፈሻል፣ ትከሻዋን ነው የነቀነቀችው። በሁለት ገጽ ደብዳቤ ውስጥ አንድም ቦታ ያልጠራሽው ነገር አለ። ስልክሽ ላይ ልጅሽ ያለችበትን የሚያሳይ መተግበሪያ አለ። ላይፍ 360 ይሁን ሌላ፣ ቁም ነገሩ እሱ አይደለም።

ልቆጣሽ አይደለም። አራት ወጣት ሴቶች በአንድ መኪና፣ ከሰባት ሰዓት የማያንስ መንገድ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ደቡብ። ከባድ መኪናው አለ፣ እንቅልፉ አለ፣ በማያውቁት ከተማ ፖሊስ ቢያስቆማቸው ደግሞ ቆዳቸው ጥቁር ነው። ይሄ የፈጠርሽው ፍርሃት አይደለም። እኔም ልጅ አለኝ።

ጥያቄዬ ሌላ ነው። ስለ ልጅሽ በጻፍሽው ውስጥ የሷ ድምፅ ስንት ጊዜ ይሰማል? አንድ ጊዜ ብቻ ነው። «አንቺ ሁሉን ታውቂው የለ?» አንቺ ስድ መልስ አድርገሽ ነው የጻፍሽው። እኔ እንደ ቅሬታ ነው ያነበብኩት፣ እንዲያውም በደብዳቤው ውስጥ ካለው ሁሉ እውነተኛው ቃል እሱ ይመስለኛል።

አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። በ1990 በጦርነቱ መንገዱ ከመዘጋቱ በፊት አሰብ ይመላለስ ነበር። ከወጣ በኋላ የምናውቀው ነገር የለም። የት እንዳደረ፣ ጎማ ፈንድቶበት ይሁን፣ ታሞ ይሁን፣ ምንም። እናቴ ሌሊት ስትገላበጥ ይሰማኝ ነበር። ሲመጣ ግን «የት ቆየህ» አትለውም። ውሃ ታሞቃለች፣ እግሩን ይታጠባል፣ ይበላል። ከዚያ ቡናው ላይ ቁጭ ብላ «መንገዱ እንዴት ነበር?» ትለዋለች። እሱም ይጀምራል። የሚሌ ሙቀት፣ ኮምቦልቻ ያገኘው ወዳጁ፣ ረዳቱ ያደረገው ሞኝ ሥራ። የሚደብቀውም ነበር፣ በኋላ ስናድግ ነው የሰማነው። የቱን እንደሚነግረን የሚመርጠው እሱ ነበር። ለዚህ ይመስለኛል ደስ እያለው የሚያወራው፣ መንገዱ የሱ ነዋ!

እናቴ ያንቺ ዓይነት ስልክ ቢኖራት ትወደው ነበር፣ አልዋሽሽም። ስንት ሌሊት እንቅልፍ ባገኘች። ግን አባቴ በር ላይ ገና ጫማውን ሳያወልቅ «ሚሌ ላይ ሁለት ሰዓት ምን ስትሠራ ነበር?» ብትለው ኖሮ ያ የቡና ላይ ወሬ የሚኖር አይመስለኝም። ሰውየው ወሬኛ ነበር እንጂ ጥያቄ ላይ ድዳ ነው የሚሆነው።

ልጅሽም በርሽ ላይ ስትደርስ ባዶ እጇን ነው የደረሰችው። ወሬዋን ቀድመሽ ወስደሽባታል። መነሣቷን ታውቂያለሽ፣ መቆሟን ታውቂያለሽ፣ የቀረ ነገር ቢኖር ለምን የሚለው ነው፣ እሱን ደግሞ በጓደኞቿ ፊት እንደ ፍርድ ቤት ጠየቅሻት። አትላንታ ያለችው እህትሽ ምንም አላደረገችም። ምንም አለማወቋ ነው የጠቀማት። ልጅቷ ገና ስትገባ «እንዴት መጣችሁ?» ብላ ጠይቃ አፏን ከፍታ መስማት ነበረባት፣ ሌላ ምርጫ አልነበራትም።

ይሄ የኔ ግምት ብቻ እንዳይመስልሽ። በፈረንጆቹ 2000 ስዊድን ውስጥ ሃካን ስታቲን እና ማርጋሬት ኬር የተባሉ ተመራማሪዎች የ14 ዓመት ልጆችንና ወላጆቻቸውን ጠይቀው ያወጡት ጥናት በኛ ሙያ በደንብ ይታወቃል። ስለ ልጃቸው ብዙ የሚያውቁ ወላጆች ያን እውቀት በዋናነት ያገኙት በመቆጣጠርና በመጠየቅ ሳይሆን ልጁ ራሱ ፈቅዶ ስለሚነግራቸው ነው። ያኔ እንዲህ ዓይነት ስልክ አልነበረም፣ ያንቺም ልጅ 14 ሳትሆን 20 ናት። 20 ሲሆን ደግሞ የባሰ ይመስለኛል።

ስለ 52ቱ ደቂቃ ደግሞ ላንሣ። ምን ሆና እንደቆመች አላውቅም። ምናልባት ጓደኛዋ ቡና አምሯት ነው። ግን ሰው ከእናቱ ቤት 20 ደቂቃ ሲቀረው ለአንድ ሰዓት ያህል የሚቆመው አንዳንዴ ፊቱን ለመታጠብ፣ ልብሱን ለማስተካከል፣ አንዳንዴ ደግሞ ሊናገር ያሰበውን ነገር ለመለማመድ ነው። ትምህርት ቀይራ ይሆን፣ ሰው ወዳ ይሆን፣ ሌላ ይሁን፣ አልገምትም። የምለው፣ አንቺ እንደ ክስ የቆጠርሽው ሰዓት ላንቺ ስትዘጋጅ ያጠፋችው ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ያሰበችውን ሳትናገር ነው አድራ የሄደችው።

አንድ ነገር ደግሞ ፈራ ተባ እያልኩ ልጠይቅሽ። ደብዳቤሽ ውስጥ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው የለም። የልጅቷን አባት አልጠቀስሽም፣ ጓደኛም አልጠቀስሽም። የሌሊት ፈረቃ ላይ፣ አዛውንቶቹ ተኝተው ኮሪደሩ ጭር ሲል፣ ስልክሽን አውጥተሽ ካርታው ላይ ያለችውን ትንሿን ክብ ፎቶዋን ታያለሽ? ከተሳሳትኩ ይቅር በይኝ። ካልተሳሳትኩ ግን ያቺ ክብ ለሷ ደህንነት ብቻ አይደለም የተከፈተችው። አንቺም ብቻሽን ነሽ። እሱን ብቸኝነት ደግሞ ልጅሽ ልትሸከምልሽ አትችልም፣ አይገባትምም።

ምን ታደርጊ? መተግበሪያውን ዛሬውኑ በንዴት አታጥፊው፣ እሱም ሌላ ኩርፊያ ይሆናል። ረጋ ብለሽ «እንዲህ ሳይሽ ምን ይሰማሻል?» ብለሽ ጠይቂያት፣ ምናልባት ረጅም መንገድ ስትወጣ ብቻ ይከፈት ብላችሁ ትስማሙ ይሆናል። ላትስማሙም ትችላላችሁ። የጌይተርስበርግን ነገር ግን አታንሺ፣ እሷ ካነሣችው ብቻ ስሚ። እህትሽንም «ምን አለችሽ?» ብለሽ አትመርምሪያት፣ ልጅቷ አንድ የሚሰማት ሰው ስታገኝ እሱንም መዝጋት ይሆናል። ቶሎ አይለወጥም፣ ሴሚስተሩ በሜይ እስኪያልቅ ዝምታው ሊቀጥል ይችላል። ዝምታው ከዚህ ጉዞ በፊት የጀመረ ከሆነ ደግሞ (ደብዳቤሽ አይናገርም፣ እኔ ግን እጠረጥራለሁ) ፊት ለፊት ባለሙያ ማየት ይሻላል። በደብዳቤ የማይያዝ ነገር አለ። እናንተ አካባቢ አማርኛ የሚናገር አማካሪ ፈልገሽ ማግኘት አያቅትሽም። መጀመሪያ ብቻሽን ሂጂ፣ እሷን ይዘሽ አትሂጂ።

ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ፣ ከፊርማሽ በታች፣ ጓደኞቿ የሠራሽውን ድርቆሽ ለስንቅ ጠቅልለው ወሰዱት ብለሽ ጽፈሻል። መኪናው ውስጥ ማን በላው? ማን አቃጠለኝ ብሎ ውሃ ፈለገ? ይሄን ስልክሽ አያሳይም። እሁድ ደውለሽ እሱን ጠይቂያት።