ስለጠፋው የ«ላየን ኪንግ» ተከታይ ታሪክ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አንድ አድናቂ የዲዝኒ የካርቱን ፊልም የ«ላየን ኪንግ» ተከታይ አድርጎ በየምዕራፉ ያወጣውን፣ ሳይጨርስም የተወውን ታሪክ በልጅነቴ አንብቤ ነበር፤ አሁን ግን የትም አጣሁት። የአንበሳው ንጉሥ የሲምባ ወራሽ ኮፓ ይባላል። መቼ እንደተጻፈ መገመት ይቻላል?

መልስ፦ የግልገሉ ስም ብቻውን ብዙ ይነግረናል። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1994 ሲወጣ፣ በመጨረሻው ትዕይንት ዝንጀሮው ራፊኪ በቋጥኙ ጫፍ ላይ ወደ ላይ ከፍ አድርጎ የሚያሳየው ግልገል ስም አልነበረውም። በዚያው ዓመት የታተሙ የልጆች መጻሕፍት የሲምባን ልጅ ኮፓ ብለው ስላስተዋወቁት፣ አድናቂዎችም ይህንኑ ስም ይዘው ይጽፉ ጀመር። ዲዝኒ በ1998 በቪዲዮ ያወጣው ሁለተኛ ክፍል ግን ኪያራ የምትባል ሴት ልጅ ይዞ መጣ፤ ኮፓንም ጨርሶ አላነሣውም። ስለዚህ ኮፓ ያለ አንዳች ማብራሪያ ወራሽ ከሆነ፣ ታሪኩ ከዚያ በፊት የተጀመረ ይመስለኛል። ዚራ ገደለችው የሚል ከሆነ ግን፣ ዚራ የሁለተኛው ክፍል ገጸ ባሕርይ ስለሆነች፣ ደራሲው መጻሕፍቱንና ፊልሙን ለማስታረቅ ከ1998 በኋላ የጻፈው ነው።

ጥያቄ፦ ዚራ የለችበትም። ታዲያ ለምን ሳያልቅ ቀረ?

መልስ፦ የእኔ ጥርጣሬ በዚሁ ሁለተኛ ክፍል ላይ ያርፋል፤ ወራሹን ከሥሩ የነጠቁበት ደራሲ ወይ ሁሉንም እንደገና መጻፍ፣ ወይም መተው ነበረበት። ለነገሩ፣ ፈተና የደረሰበት ተማሪም ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ጽሑፉ የነበረው ሰዎች የግል ድረ ገጻቸውን በነጻ ይከፍቱበት በነበረው ጂኦሲቲስ ላይ ነው። ተስፋ አለው?

መልስ፦ አለው። ያሁ ጂኦሲቲስን በ2009 ቢዘጋውም፣ በጎ ፈቃደኞች ከመዘጋቱ በፊት ብዙውን ገጽ ቀድተው አትርፈዋል፤ የቆዩ ድረ ገጾችን የሚያስቀምጠው የኢንተርኔት አርካይቭም የራሱን ቅጂ ይዟል። ችግሩ፣ የአርካይቩ መፈለጊያ በሆነው በዌይባክ ማሽን የሚፈለገው በዋናነት በገጹ አድራሻ እንጂ በታሪኩ ውስጥ ባለ ቃል አለመሆኑ ነው። የጥንቶቹ የጂኦሲቲስ አድራሻዎች የሰፈር ስምና የቤት ቁጥር ነበራቸው፤ ለምሳሌ የልጆች ገጾች «ኤንቻንትድ ፎረስት» በሚባለው ሰፈር ይገኙ ነበር። ቁጥሩን ካላስታወሱ፣ በዚያ ዘመን የነበሩ ሌሎች የ«ላየን ኪንግ» አድናቂዎችን ገጾች ከፍተው የሊንክ ዝርዝራቸውን ይመልከቱ፤ የጠፋው ገጽ አድራሻ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ካገኘሁት ራሴ ልጨርሰው እችላለሁ?

መልስ፦ በመጀመሪያ ደራሲውን ይፈልጉና ያስፈቅዱ። ካላገኙት የእርስዎን ምዕራፎች ለብቻቸው፣ በራስዎ ስም ያውጧቸው፤ የእሱን ዓረፍተ ነገሮች ግን የፊደል ግድፈታቸውን እንኳ ሳይነኩ ይተዉአቸው።