የደመወዝ ልዩነት ከቅጥር ደብዳቤ ይጀምራል

ልጆቼ፣ ብዙዎቻችሁ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች፣ ከፔዳም ከፖሊም ተመርቃችሁ ሥራ ፍለጋ ላይ ናችሁ። እኔ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት እዚሁ ባሕር ዳር የሰው ደመወዝ ስሠራ ነው። የሆቴሉም፣ የኮንትራክተሩም፣ የነጋዴውም ፔይሮል በእጄ አልፏል። ስለ ሴትና ወንድ ደመወዝ የምነግራችሁ ወረቀት ላይ ያየሁትን ነው።

ልዩነቱ በግልጽ ሲነገር የሰማሁት በቀን ሥራ ላይ ብቻ ነው። ዓባይ ማዶም ሆነ ሽንብጥ ፎቅ የሚሠራበት ቦታ ሂዱ። አሸዋ የምትሸከም፣ ውኃ የምታመላልስ ሴት አታጡም። ፎርማኑ ጠዋት ዋጋ ሲናገር የወንድ ይህን ያህል፣ የሴት ይህን ያህል ይላል። ለምን ሲባል "ወንድ ጉልበት አለው" ነው መልሱ። ጉልበት ከሆነ የሚከፈለው በባሬላ ቁጥር ይከፈላ! ባሬላውን ከፊትና ከኋላ የያዙት ሁለት ሰዎች ያው አንድ ሸክም ነው የተሸከሙት። ማታ ግን የሚቀበሉት ብር ይለያያል። ይህን ባየሁ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ቢሮ ውስጥ እንዲህ በአፍ አይባልም። ደብዳቤ ውስጥ ነው የሚገባው።

ከራሴ ልንገራችሁ። ወጣት ሳለሁ አንድ የግል ድርጅት ቀጠረኝ። በደብዳቤዬ ላይ የሥራ መደቤ "ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ" ይላል። ብዙም ሳይቆይ በእኔው ዓይነት ዲፕሎማ አንድ ወንድ ልጅ ተቀጠረ። የእሱ ደብዳቤ "የሒሳብ ሠራተኛ" ይላል። ሥራችን አንድ ነበር። እንዲያውም ወር ሲደርስ ሒሳቡን የምዘጋው እኔ ነበርኩ። ደመወዙ ከእኔ እንደሚበልጥ ያወቅሁት ፔይሮሉን ራሴ ስለምሠራው ነው። አለቃዬን ጠየቅሁ። "እሱ እኮ ቤተሰብ አስተዳዳሪ ነው፣ አንቺ ባል አለሽ" አለኝ። በዚያን ጊዜ እናቴንም ሁለት ወንድሞቼንም የማስተዳድረው እኔ ነበርኩ። ግን ይህን አልነገርኩትም። ችግሬን ብነግረው የምለምነው ይመስለዋል። የሁለታችንን የሥራ ዝርዝር ጎን ለጎን ጽፌ ወሰድኩለት። ብዙ ከተመላለስኩ በኋላ መደቤ ተስተካከለ። ያለፈውን ግን አልከፈሉኝም።

ስለዚህ ደብዳቤ ሲሰጣችሁ ዓይናችሁ ወደ ብሩ ብቻ አይሂድ። የመደቡን ስም አንብቡ። "ረዳት" የምትለው ቃል ለምን ገባች ብላችሁ ጠይቁ። ከመፈረማችሁ በፊት ነው ታዲያ። መነሻው ላይ የጠፋ ብር በኋላ አይገኝም። አስሉት እስኪ። አንዷ በ8,000 ብር፣ አንዱ በ10,000 ብር ቢጀምሩ ልዩነቱ 2,000 ነው። ሁለቱም በየዓመቱ እኩል 10 በመቶ ቢጨመርላቸው፣ ከ10 ጭማሪ በኋላ ልዩነቱ ከ5,100 ብር ያልፋል። ጭማሪው ለሁለቱም እኩል ነው ተብሎ ይጨበጨባል፣ ክፍተቱ ግን ከእጥፍ በላይ ሰፍቷል። የጡረታ መዋጮም የሚታሰበው ከወር ደመወዙ ነው። 7 በመቶ ከሠራተኛው፣ 11 በመቶ ከአሠሪው። በወጣትነቷ የጎደለባት ሴት ስታረጅም ይጎድልባታል።

ደመወዛቸው እኩል ሆኖም ወር ሲያልቅ እጃቸው ላይ የሚገባው እኩል የማይሆንበት ብዙ ነው። እዚህ ጣና ዳር የማውቀው ዋናው ምክንያት ውሎ አበል ነው። ወደ ደቅ ደሴት የመስክ ሥራ ሲመጣ የሚላከው ወንዱ ነው። "ሴት ልጅ በጀልባ ሄዳ የት ታድራለች? ለእሷ አስበን ነው" ይላሉ። አሳቢነታቸው እውነት ሊሆን ይችላል። ግን አበሉ የእሱ ነው። መስኩን የሚያውቀውም እሱ ይሆናል፤ ዕድገት ሲመጣ "የመስክ ልምድ አለው" ይባልለታል። እሷ ቢሮ ውስጥ የእሱን ሪፖርት ስትተይብ ከርማ "ልምድ የላትም" ትባላለች። እህቶቼ፣ ማንም ሳይጠይቃችሁ አይወሰንላችሁ። መሄድ የምትፈልጉ ከሆነ ቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ማደሪያውን ማዘጋጀት የመሥሪያ ቤቱ ሥራ ነው።

ሆቴሎቻችን ላይ ስለ ጉርሻ ብዙ ማለት ይቻላል። አልጋ የምታነጥፈው እንግዳውን አታገኘውም፣ ጉርሻውም አይደርሳትም። ሰርቪስ ቻርጅ (እንግዳው ሒሳብ ላይ የሚደመረው የአገልግሎት ክፍያ) ካለ እንዴት እንደሚከፋፈል ከመቀጠራችሁ በፊት ጠይቁ።

ወደ ወሊድ ልምጣ። ቃለ መጠይቅ ላይ "አግብተሻል? ለመውለድ አስበሻል?" የሚሉ አሉ። ለወንዱ ይህን አይጠይቁም። ከክፋት ብቻ የመጣ አይመስለኝም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛዋ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ከነደመወዟ ታገኛለች። አባትየው 3 ቀን ብቻ። የእሷን የ120 ቀን ደመወዝ የሚከፍለው ደግሞ አሠሪው ከኪሱ ነው። ትንሽ ድርጅት ያለው ሰው ይህን አስቦ ወንድ ይመርጣል። በእኔ አስተያየት እንደ ጡረታው ሁሉም የሚያዋጣበት ፈንድ ቢኖርና የአባት ፈቃድም ቢረዝም፣ ሴት መቅጠር እንደ ዕዳ መታየቱ ይቀንስ ነበር። እስከዚያው ግን ሕጉ ሕግ ነው። በእርግዝና ላይ እያለችና ከወለደች በኋላ እስከ 4 ወር ድረስ አሠሪው የሥራ ውሏን ማቋረጥ ክልክል ነው።

ወንዶች ልጆቼ፣ ይህ ደብዳቤ ለእናንተም ነው። "የሴት ዕድሜ፣ የወንድ ደመወዝ አይጠየቅም" ይባላል። ይህ አባባል የሚጠቅመው አሠሪውን ነው። አብራችሁ የምትሠራው ልጅ ስንት እንደሚከፈላችሁ ካላወቀች በምን ታወዳድር? ስትጠይቃችሁ ንገሯት። ከእናንተ አንድ ብር አይቀነስም። ነገ ፎርማን ወይም ክፍል ኃላፊ ስትሆኑ ደግሞ ዋጋውን የምትናገሩት እናንተ ናችሁ።

ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው። ሕገ መንግሥቱ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ለሴቶች በቅጥር፣ በዕድገትና በክፍያ እኩልነትን ይሰጣል። እኩል ዋጋ ላለው ሥራ እኩል ክፍያ የሚለውን ዓለም አቀፍ ስምምነት አገራችን በ1991 ዓ.ም. አጽድቃለች። አዋጅ 1156 በጾታ ምክንያት በክፍያ ማበላለጥን ይከለክላል። በቅጥርና በዕድገት ውድድር ሴቷ ከወንዱ እኩል ውጤት ካመጣች ቅድሚያው የእሷ ነው ይላል። ይህ አዋጅ ለግልና ለልማት ድርጅት ሠራተኞች ነው፤ መንግሥት መሥሪያ ቤት የምትገቡ በሌላ ሕግ ነው የምትተዳደሩት።

"ዝም አይነቅዝም" ለደመወዝ አይሠራም። ያልተከፈለ ደመወዝና ትርፍ ሰዓት መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልተጠየቀ በይርጋ ይታገዳል፤ ጊዜው አልፏል ተብሎ ይቀራል ማለት ነው። በይሉኝታ "ትንሽ ልታገስ" ስትሉ ወሩ ይሄዳል። መጀመሪያ አለቃችሁን በጽሑፍ ጠይቁ። የሠራተኛ ማኅበር ካለ ማኅበሩን ያዙ። አልሆነም ካሉ የሥራ ክርክር ችሎት አለ፤ ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። የቅጥር ደብዳቤያችሁን፣ የደመወዝ መግለጫችሁንና የሥራ ዝርዝራችሁን ኮፒ ቤታችሁ አስቀምጡ፣ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ አይሁን። ማመልከቻ ስታስገቡ በሁለት ኮፒ ይሁን። አንዱን መዝገብ ቤት ስጡ፣ በሌላው ላይ ቀንና ማኅተም አስደርጋችሁ ይዛችሁ ውጡ።