የተቆለፈ መጽሐፍ፦ ከንባብ ማኅበራችን ጥያቄና መልስ

እሁድ ከሰዓት ቱሉ ዲምቱ ስንገናኝ አባላት ስለ ዲጂታል መጽሐፍ ግዢ ጠይቀውኝ የመለስኩት ነው።

ከኮዬ ፈጬ፦ ጋሼ፣ ገንዘቤን ከፍዬ የገዛሁት መጽሐፍ የእኔ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ቁልፍ፣ ማለትም ሻጩ ፋይሉን የሚቆልፍበት ዘዴ፣ ካለው አይደለም። የገዛኸው የማንበብ ፈቃድ ነው። ፋይሉ ስልክህ ላይ ቢሆንም የሚከፈተው ሻጩ ለአካውንትህ በሰጠው ቁልፍ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2009 አማዞን የጆርጅ ኦርዌልን «1984» የተባለ ልብ ወለድ ከአንባቢዎች ኪንድል (አማዞን ከሚሸጠው የመጽሐፍ ማንበቢያ) ላይ በርቀት አጠፋው፤ ያቀረበው አካል መብት አልነበረውም ተብሎ ነው። መጽሐፉን እያነበበ ማስታወሻ ሲይዝ የከረመ አንድ ተማሪ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ቀረበት። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2019 የመጽሐፍ ሱቁን ሲዘጋም የተሸጡት መጻሕፍት መከፈት አቆሙ። እነዚህ እንኳ ገንዘብ የመለሱት ናቸው።

እኔም ደርሶብኛል። አካውንቴን የከፈትኩት ውጭ አገር ባለች እህቴ ካርድና ስልክ ቁጥር ነበር። ስልኬ ተበላሽቶ በአዲሱ ስገባ የማረጋገጫ ቁጥሩ እህቴ ከተወችው ስልክ ላይ ሄደ። የአሥራ አራቱ መጻሕፍት ሽፋን ግራጫ ሆኖ ተደርድሮ ይታየኛል፤ ስነካው ግን «እንደገና ይግቡ» ይለኛል። ሻጩ ለሦስት ደብዳቤዬ የሰጠው መልስ አንድ ዓይነት ነበር። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ቁልፍ እንዳለው እዩ።

ከለገጣፎ፦ የትኛው ሱቅ ይሻላል?

መልስ፦ ምን ዓይነት መጽሐፍ? በምን ልታነቢው? ጥያቄሽን አሟልተሽ ነይ።

ከቱሉ ዲምቱ፦ ኮምፒውተር ላይ ገልብጬ ባስቀምጠውስ?

መልስ፦ ከነቁልፉ ነው የሚገለበጠው። አማዞንም እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2025 ወዲህ መጽሐፍን ወደ ኮምፒውተር አውርዶ በገመድ ማስተላለፍን አስቀርቷል።

ከሰበታ፦ ለዚህ እኮ ነው ወረቀት ይሻላል የምለው። የአባቴን መጻሕፍት ዛሬም አነባለሁ።

ከኮዬ ፈጬ፦ አንተ የራስህ ቤት አለህ። እኔ ኪራይ በጨመረ ቁጥር አራት ካርቶን መጽሐፍ ተሸክሜ አራተኛ ፎቅ እወጣለሁ። ባለፈው ክረምት አንዱ ካርቶን ዝናብ ገብቶበት ገጾቹ ተጣብቀው ቀሩ።

ከሰበታ፦ የረጠበ ይደርቃል፤ የጠፋ አካውንት አይደርቅም።

መልስ፦ ጉዳዩ ወረቀትና ስክሪን አይደለም፤ ቁልፉ ነው። ቶር የተባለው አሜሪካዊ አሳታሚ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ዲጂታል መጻሕፍቱን ያለ ቁልፍ ይሸጣል። እንዲህ ያለውን ገዝተህ በፍላሽ አስቀምጠው፤ ለልጅህም ይተርፋል።

ከቱሉ ዲምቱ፦ ቁልፉን መስበር ይቻላል ይባላል።

መልስ፦ በብዙ አገር ሕግ ይከለክለዋል። እዚህ አላስተምርም።

ከለገጣፎ፦ ታዲያ ቁልፍ እንዳለው በምን እናውቃለን?

መልስ፦ ከመክፈላችሁ በፊት እዩ ስል ሁለተኛዬ ነው! በሻጩ መተግበሪያ ብቻ የሚከፈት ከሆነ ተቆልፏል። ከተጠራጠርሽ ከዚያው ሱቅ ርካሹን አንድ መጽሐፍ ግዢ፤ ፋይሉን አውርደሽ አካውንትሽ በሌለበት በሌላ ሰው ስልክ፣ በሌላ የንባብ መተግበሪያ ክፈቺው። እምቢ ካለ ሌላውን አትግዢ።